የዋጡት ክኒን ዓይን ላይ ሲደርስ

የቲቢ ሕክምና የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያስደነግጠው ነገር አለ። ሽንቱ ብርቱካናማ ይሆናል። ላቡ ነጭ ካናቴራውን ያቀልማል። እንባው ሳይቀር ቀለም ሊይዝ ይችላል፤ ኮንታክት ሌንስ የሚያደርግ ከሆነም ሌንሱ በዚያው ቀልሞ ይቀራል። የጤና ባለሙያው «አይደንግጡ፣ ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒት ቀለም ነው፤ አይጎዳዎትም» ብሎ ያረጋጋዋል። እውነቱን ነው፤ ቀለሙ አይጎዳም።

ያ ብርቱካናማ እንባ ግን ብዙዎቻችን ልብ የማንለውን ነገር ያሳየናል። በውኃ ተወራርዶ ሆድ የገባ ክኒን ወደ ደም ይሰርጋል፤ ደም ደግሞ እንባ ወደሚያመነጩት ዕጢዎችም ይሄዳል። ሪፋምፒሲን ቀለም ስላለው መንገዱን አየነው። ቀለም የሌላቸው ብዙ መድኃኒቶችም በዚያው መንገድ ዓይናችን ላይ ይደርሳሉ። አንዳንዱ እንባን ያደርቃል፣ አንዳንዱ ቁስል በጊዜው እንዳይሽር ያደርጋል፣ አንዳንዱ ደግሞ እንዲሽር ያግዛል።

ዓይን ሐኪም ዘንድ ደጋግሞ የሚሰማ ንግግር አለ። «እማማ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» «ኧረ ምንም የለም ልጄ፤ የግፊቷን ብቻ ነው።» ሌላው የአለርጂ ክኒኑን አይቆጥረውም፤ ወጣቷ የብጉር እንክብሏን አታነሳም፤ አባወራው ለራስ ምታት ማታ ማታ የሚውጠውን ይረሳዋል። ዓይንንና ሆድን ምን አገናኛቸው የሚል ሐሳብ አለና። ነገር ግን የዓይን ቁስል አልሽር ሲል፣ መልሱ አንዳንዴ የሚገኘው መድኃኒቶቹ የተቋጠሩበት ፌስታል ውስጥ ነው።

የዓይን ገጽ እንዴት ይሽራል?

ጥቁሩን የዓይን ክፍል ከፊት የሸፈነው፣ እንደ መስታወት የጠራው ክፍል ኮርኒያ ይባላል። በአገራችን «የዓይን ብሌን ልገሳ» ሲባል ሰው ካረፈ በኋላ የሚለገሰው ይህ ነው። መሐሉ ላይ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን ሳይደናቀፍ እንዲያልፍበት የደም ሥር የለውም፤ ኦክስጅን የሚያገኘው በአብዛኛው ከአየር፣ በእንባ በኩል ነው። የነርቭ ጫፎቹ ግን ከቆዳ ጋር የማይነጻጸር ብዛት አላቸው። አንዲት ጉድፍ ገብታ ሰውን አላስቀምጥ የምትለው ለዚህ ነው።

የኮርኒያ የላይኛው ንጣፍ ከ5 እስከ 7 የሚደርሱ የሕዋስ ድርብርቦች ያሉት ሲሆን፣ ከ7 እስከ 10 ቀናት ባለው ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይታደሳል። የሕፃን ጥፍር፣ የእሾህ ጫፍ ወይም አውድማ ላይ የበረረ ገለባ ሲጭረው በሦስት እርምጃ ይሽራል። መጀመሪያ፣ በዙሪያው ያሉ ሕዋሳት የተገለጠውን ቦታ ለመሸፈን እየተንሸራተቱ ይመጣሉ፤ ይህ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል። ቀጥሎ ሕዋሳቱ ይራባሉ፤ የዘሩ ጎተራ ነጩና ጥቁሩ የዓይን ክፍል በሚገናኙበት ቀለበት መሰል ድንበር ላይ የሚገኙት ስቴም ሴሎች ናቸው። በመጨረሻም አዲሱ ንጣፍ ከሥሩ ካለው መሠረት ጋር ይጣበቃል።

ትንሽ ጭረት ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ይዘጋል። መጣበቁ ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል። አዲስ የተመረገ የጭቃ ግድግዳ ከውጭ ሲያዩት ያለቀ ይመስላል፤ ከእንጨቱ ጋር እስኪያያዝ ግን በትንሽ ነገር ይረግፋል። «ድኜ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ እንደገና ወጋኝ» የሚሉ ሕሙማን የሚገጥማቸው ይኸው ነው።

እንግዲህ ይህ ጥገና አራት ነገር ይፈልጋል፤ በቂ እንባ፣ ጤነኛ ነርቭ፣ የሚራቡ ሕዋሳት፣ በልክ የሆነ ብግነት። የምንውጣቸው መድኃኒቶች ዓይንን የሚነኩት በአብዛኛው ከእነዚህ አንዱን በመንካት ነው።

እንባን የሚያደርቁ

እንባ ውኃ ብቻ አይደለም። ከሥር ከዓይን ገጽ ጋር የሚያጣብቀው ልጋግ መሰል ፈሳሽ አለ፤ መሐሉ ውኃ ነው፤ ከላይ ደግሞ ውኃው ቶሎ እንዳይተን የሚከላከል ስስ ቅባት አለው። ቅባቱ የሚመነጨው በዓይን ቆብ ጠርዝ ላይ በተደረደሩ ጥቃቅን ዕጢዎች ነው።

ውኃውን ከሚቀንሱት መካከል እንቅልፍ የሚያመጡት የቀድሞ የአለርጂና የጉንፋን መድኃኒቶች ይገኙበታል፤ ክሎርፌኒራሚን፣ ፕሮሜታዚንና ዳይፈንሃይድራሚን ምሳሌ ናቸው። ለድባቴ፣ ለነርቭ ሕመምና ለራስ ምታት የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊንም በዚያው መንገድ ይሠራል። እነዚህ መድኃኒቶች ነርቭ ለዕጢ «አመንጭ» ብሎ የሚልከውን መልእክት ያግዳሉ። መልእክቱ ለምራቅም ለእንባም አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ አፍን የሚያደርቅ መድኃኒት ዓይንንም ያደርቃል ብሎ መያዝ ብዙ ጊዜ አያሳስትም። ዓይን ሲያሳክክ የሚወሰድ የአለርጂ ክኒን ማሳከኩን ሲያስታግስ ድርቀቱን የሚያብስበትም ጊዜ አለ።

ለደም ግፊትና ለልብ ምት የሚሰጡት እንደ ፕሮፕራኖሎል ያሉ መድኃኒቶችም በአንዳንድ ሰዎች ላይ እንባን ይቀንሳሉ። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ፕራክቶሎል የሚባል መድኃኒት ነበር። በእንግሊዝ አገር ለልብ ሕሙማን ሲሰጥ ቆይቶ፣ በአንዳንዶቹ ላይ ከባድ የዓይን ድርቀትና የኮርኒያ ጠባሳ ማስከተሉ ስለታወቀ እ.ኤ.አ. በ1975 ክኒኑ ከጥቅም ውጭ ሆነ። ዛሬ ያሉት የዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶች እንዲህ ያለ አደጋ የላቸውም። የልብ መድኃኒት ዓይንን ሊነካ እንደሚችል ሐኪሞች በደንብ የተማሩት ግን በዚያ አሳዛኝ ታሪክ ነው።

ቅባቱን በመቀነስ የሚታወቀው ደግሞ ለከባድ ብጉር የሚታዘዘው አይሶትሬቲኖይን ነው። ብጉርን የሚያድነው የቆዳን የቅባት ዕጢዎች በማሟሸሽ ነው። የዓይን ቆብ ጠርዝ ዕጢዎች ለቆዳዎቹ የቅርብ ዘመድ ናቸው፤ ስለዚህ እነሱም አብረው ይሟሽሻሉ። ቅባት ያጣ እንባ ቶሎ ይተናል፤ ዓይን ይቆጠቁጣል፤ ኮንታክት ሌንስ አልመች ይላል።

መነጽር ለመጣል ብለው የሌዘር ቀዶ ሕክምና የሚያስቡ ሰዎች፣ በተለይ ሕክምናው በተለመደባቸው እንደ አሜሪካ ባሉ አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን፣ ይህን ልብ ሊሉት ይገባል። ፒአርኬ በሚባለው የሌዘር ዓይነት ሐኪሙ የኮርኒያን የላይኛ ንጣፍ ሆን ብሎ ያነሳዋል፤ ንጣፉ በቀናት ውስጥ ራሱ ተመልሶ እንዲያድግ ይጠበቃል። የሕክምናው መሳካት የተንጠለጠለው እላይ ባየናቸው ሦስት እርምጃዎች ላይ ነው ማለት ነው። በአሜሪካ የበርካታ ሌዘር መሣሪያዎች መመሪያ አይሶትሬቲኖይንና አሚዮዳሮን የተባለውን የልብ ምት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ሕክምናውን እንዳያደርጉ የሚያሳስበው ለዚህ ነው። የብጉር መድኃኒት ጨርሰው ጥቂት ወራት የሆናቸውም ቢሆኑ ለሐኪሙ መናገር አለባቸው።

ጥገናውን የሚያዘገዩ

ፕሬድኒሶሎንን የመሰሉ ስቴሮይዶች ለአስም፣ ለቁርጥማት፣ ለሉፐስና ለኩላሊት ሕመም የብዙ ሰው ነፍስ ያተረፉ ናቸው። ሥራቸው ብግነትን መግታት ነው። ይሁን እንጂ ብግነት በልኩ ሲሆን ቁስል ጠጋኝ ነው፤ ቆሻሻ ይጠርጋል፣ ተሕዋስያንን ይከላከላል፣ የአዲስ ሥጋ ግንባታን ይቀሰቅሳል። ከፍ ባለ መጠን ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው ዓይኑ ሲቆስል ቁስሉ ሊጓተት፣ ተሕዋስያንም በቀላሉ ሊሠለጥኑበት ይችላሉ። በእርሻ ሥራ ላይ እያለ ቅጠል ወይም ገለባ ዓይኑን የመታው ሰው የፈንገስ ቁስለት የሚያሰጋው ስለሆነ፣ ስቴሮይድ እንደሚወስድ ካልተናገረ አደጋው እጥፍ ነው። መድኃኒቱ ሲቆይ የዓይን ሞራና የዓይን ግፊትም ሊያመጣ ስለሚችል በየጊዜው መታየት ያስፈልጋል።

የካንሰር መድኃኒቶች ታሪክ ለየት ይላል። ካንሰር ያለ ልክ የሚራባ ሕዋስ ነው፤ መድኃኒቶቹም የሚራባን ሕዋስ ያጠቃሉ። የኮርኒያ ንጣፍ ደግሞ በየሳምንቱ የሚታደስ ስለሆነ ከዱላው አያመልጥም። ሳይታራቢን በከፍተኛ መጠን ሲሰጥ ኮርኒያን ሊያቆስል ስለሚችል፣ ሐኪሞች አስቀድመው የስቴሮይድ ጠብታ ያዝዛሉ። ፋይቭ ኤፍዩና ዶሲታክሰል የእንባ መውረጃ ቱቦን ሊያጠቡ ይችላሉ፤ የሕመምተኛው እንባ ያለ ልቅሶ ጉንጩ ላይ ይፈስሳል።

ከእነዚህ ሁሉ ለዓይን ቁስል የቀረበ ታሪክ ያላቸው ግን ኢጂኤፍ የሚባለውን የእድገት መልእክት የሚዘጉት ናቸው። የሕክምና ሳይንቲስቱ ስታንሊ ኮኸን ከአይጥ የምራቅ ዕጢ ያወጣውን ንጥረ ነገር ለተወለዱ የአይጥ ግልገሎች ሲወጋ፣ ግልገሎቹ ከወትሮው ቀድመው ዓይናቸውን ገለጡ። ያ ንጥረ ነገር በኋላ ኢጂኤፍ ተባለ፤ የቆዳና የኮርኒያ ሕዋሳትን «ተራቡ፣ ሙሉ» የሚል መልእክት ነው። ኮኸን በዚህ ግኝት፣ የነርቭ እድገት መልእክትን ካገኘችው ከሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ1986 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። አንዳንድ የካንሰር ዓይነቶች የሚያድጉት ይህንኑ የኢጂኤፍ መልእክት እየተቀበሉ ነው። እንደ ሴቱክሲማብና ኤርሎቲኒብ ያሉ መድኃኒቶች የመልእክቱን በር ሲዘጉ ካንሰሩ ይዳከማል፤ ኮርኒያም ግን መጠገኛ ትእዛዙን ያጣል። ከሚወስዷቸው ሰዎች መካከል ሽፋሽፍታቸው ያለ ልክ ረዝሞና ተጠማዝዞ ዓይናቸውን የሚወጋባቸውም አሉ።

የሌቪ ሞንታልቺኒ ግኝትም ለዓይን ውሎ አድሮ ደርሷል። ነርቩ ስለሞተ አልሽር ላለ የኮርኒያ ቁስል ከነርቭ እድገት መልእክት የተሠራ ጠብታ እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ተፈቅዷል። አንዱ መልእክት ሲዘጋ ቁስል ይጓተታል፤ ሌላው ሲሰጥ ይሽራል።

ሲያዩት የሚያስፈራ

አሚዮዳሮን የተዛባ የልብ ምትን ያስተካክላል። ለረጅም ጊዜ ከወሰዱት ሰዎች አብዛኞቹ ኮርኒያቸው ላይ ቡናማ ብናኝ ይከማቻል፤ በመሣሪያ ሲታይ አውሎ ነፋስ እንዳዞረው አቧራ ክብ እየሠራ ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ እይታን አይጎዳም፤ መድኃኒቱ ሲቆም ቀስ በቀስ ይጠፋል። ክሎሮኪንና ሃይድሮክሲክሎሮኪንም እንዲህ ያለ ክምችት ሊያመጡ ይችላሉ። ለወባ ለጥቂት ቀናት ክሎሮኪን የወሰደ ሰው በዚህ መሥጋት የለበትም። ለቁርጥማትና ለሉፐስ ሃይድሮክሲክሎሮኪንን ለዓመታት የሚወስዱ ግን ከዓይን ጀርባ ያለውን ሬቲና ሊነካባቸው ስለሚችል በጅማሬው አንድ ጊዜ፣ ከ5 ዓመት በኋላ ደግሞ በየዓመቱ መመርመር አለባቸው።

ሳይውል ሳያድር

ከሁሉም የሚከፋው ስቲቨንስ ጆንሰን የሚባለው ሕመም ነው። ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1922 ስለ ሁለት ልጆች በጻፉት ዘገባ ስማቸው ተሰጥቶታል። ሰውነት ለአንድ መድኃኒት ያልታሰበና የከረረ ምላሽ ሲሰጥ ቆዳና የአፍ፣ የዓይን፣ የመራቢያ አካል ሽፋን እሳት እንደነካው ይላጣል። ከሚቀሰቅሱት መካከል ኮትሪሞክሳዞል፣ ኔቪራፒን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ላሞትሪጂን፣ ለሪህ የሚሰጠው አሎፑሪኖል፣ እንዲሁም ፋንሲዳር የሚባለው የወባ ክኒን ይገኙበታል። እነዚህ መድኃኒቶች ብዙ ሰው ያዳኑ ናቸው፤ ሕመሙም የሚደርሰው በጥቂቶች ላይ ነው። የደረሰበት ሰው ግን የሚያጣው ብዙ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው አዲስ መድኃኒት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ውስጥ ነው። ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመምና የዓይን መቅላት ይቀድማሉ፤ ጉንፋን ይመስላል። ከዚያ ቆዳ ላይ የሚያቃጥል ሽፍታ ይወጣል፤ ውኃ ይቋጥራል፤ አፍና ከንፈር ይቆስላሉ። ይህ ምልክት ከታየ መድኃኒቱን አቁሞ ያን ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዓይን ሐኪም ካላየው የዓይን ቆብና ነጩ ክፍል እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ቅድም «የዘር ጎተራ» ያልናቸው ስቴም ሴሎች ያልቃሉ፤ እንባ ይነጥፋል። ቆዳው ድኖ ከሆስፒታል የወጣ ሰው ዕድሜ ልኩን ዓይኑን ሲያመው የሚኖረው በእነዚያ ቀናት ምክንያት ነው። የዳነም ቢሆን የመድኃኒቱን ስም ጽፎ በኪሱ ይያዝ፤ ዳግመኛ ሊወስደው አይገባም።

እንዲሽር የሚያግዙ

መድኃኒትን የዓይን ጠላት አድርጎ ማየት ግን ትልቅ ስሕተት ነው። ከሁሉ በፊት የሚነሳው ቫይታሚን ኤ ነው። ሕፃን ቫይታሚን ኤ ሲጎድለው መጀመሪያ ዳፍንት ይይዘዋል፤ ሲመሽ አያይም። ቀጥሎ የዓይኑ ገጽ እርጥበቱን አጥቶ እንደ ቆዳ ይሻክራል፤ ነጩ ላይ አረፋ መሳይ ነገር ይታያል። ከዚያ በኋላ ኮርኒያው በቀናት ውስጥ ሊቀልጥ ይችላል። ኩፍኝ ያለችውን ጥቂት ክምችት ስለሚያሟጥጥ ብዙ ሕፃናትን ያሳወረው በዚህ መንገድ ነው። በአገራችን ከ6 እስከ 59 ወር ለሆኑ ሕፃናት በየ6 ወሩ ቫይታሚን ኤ የሚሰጠው ለዚህ ነው፤ ዓመት ላልሞላው 100,000፣ ዓመት ለሞላው 200,000 ዩኒት። ኩፍኝ የያዘው ሕፃንም በዕድሜው ልክ በተከታታይ 2 ቀናት ሊሰጠው ይገባል። የብጉሩ መድኃኒት አይሶትሬቲኖይን የዚህ የቫይታሚን ኤ ዝርያ መሆኑን ሲያስቡት ነገሩ ይገርማል፤ አንዱ ሲጎድል ዓይን ይጠፋል፣ ሥጋ ዘመዱ ሲበዛ ዓይን ይደርቃል።

ዶክሲሳይክሊን ተሕዋስያንን ከመግደል ሌላ፣ የኮርኒያን መሠረት የሚያሟሙ ኢንዛይሞችን ያግዳል። ስለዚህ አልሽር ላለ ቁስል፣ ተዘግቶ ለሚከፈት ጭረት፣ ለተደፈኑ የቆብ ዕጢዎችም ይታዘዛል። ለነፍሰ ጡርና ዕድሜያቸው ከ8 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ግን አይሆንም። ኖራ ወይም በረኪና ዓይን ውስጥ ሲገባ ሐኪሞች ዶክሲሳይክሊንና ቫይታሚን ሲ ሊጨምሩ ይችላሉ፤ ይህ የሚደረገው ግን እዚያው በደረሰበት ቦታ ወዲያው ለረጅም ጊዜ በብዙ ውኃ ከታጠበ በኋላ ነው።

በገጠር ዚትሮማክስ በሚለው የንግድ ስሙ የሚታወቀው አዚትሮማይሲንም የሚዋጥ የዓይን መድኃኒት ነው። በትራኮማ ዘመቻ ወቅት ሰዉ ክኒን ሲሰጠው «ዓይኔን ነው የሚያመኝ፣ ክኒን ምን ይሠራል?» ማለቱ አይቀርም። ክኒኑ ተሕዋሱን ሲያጠፋ የቆብ ውስጠኛ ክፍል ከጠባሳ ይድናል፤ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ኮርኒያን ከመፋቅ ይከለከላል።

መድኃኒት አለመውሰድም ዓይንን ያቆስላል። ስኳሩ ያልተስተካከለ ሰው የኮርኒያ ነርቮቹ ይደነዝዛሉ፤ ጭረቱ ሳይሰማው ይቆያል፣ ለመሻርም ይዘገያል። መገጣጠሚያን በሚያቃጥለው ከባድ የቁርጥማት ሕመም ደግሞ የኮርኒያ ጠርዝ እየሳሳ ሲሄድ ዓይኑን የሚያተርፈው እንደ ሜቶትሬክሴት ያለ የሚዋጥ ወይም የሚወጋ መድኃኒት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ወደ ዓይን ሐኪም ሲሄዱ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ይዘው ይሂዱ። የግፊቱን፣ የአለርጂውን፣ የብጉሩን፣ የወሊድ መከላከያውን፣ የባህል መድኃኒቱንም። ስሙን ማስታወስ አይጠበቅብዎትም፤ ፌስታሉ ይናገራል። የዓይን ቀዶ ሕክምና ከታሰበማ ይህ ግዴታ ነው።

የሌላ ሕመም መድኃኒትዎን ዓይኔን ነካኝ ብለው በራስዎ አያቁሙ። የልብ፣ የሚጥል በሽታና የስቴሮይድ መድኃኒቶች በድንገት ሲቋረጡ ሕይወትን ለአደጋ ይጥላሉ። ሁለቱ ሐኪሞች ተነጋግረው መጠን መቀነስ፣ በሌላ መተካት ወይም ዓይኑን እያከሙ መቀጠል ይችላሉ። ሳይጠየቅ የሚቆመው ቅድም ባየነው በሚላጠው የቆዳ ሕመም ጊዜ ነው።

ድርቀት ብቻ ከሆነ የሰው ሠራሽ እንባ ጠብታ፣ ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ቆብ ላይ ማድረግና ስልክ ሲያዩ ዓይንን ቶሎ ቶሎ ማርገብገብ ብዙ ያግዛሉ። ከጎረቤት የተገኘ ወይም ያለ ማዘዣ የተገዛ ጠብታ ግን አይጨምሩ፤ ስቴሮይድ ካለበት ቁስሉን ሸፍኖ ያብሰዋል፣ ማደንዘዣ ከሆነም ሕመሙን አስረስቶ ኮርኒያውን ይበላዋል። ዓይንዎ በኃይል ካመመዎት፣ ብርሃን ማየት ካቃተዎት፣ ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ፣ እይታዎ ከደበዘዘ ወይም ጭረቱ በ3 ቀን ካልሻረ ጊዜ ሳይሰጡ ይታከሙ።

አበው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። የሚወስደውን መድኃኒት ያልተናገረም እንዲሁ ነው፤ ሐኪሙ የሚያክመው ግማሹን ብቻ አይቶ ይሆናል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ እናትዎን ዓይን ሐኪም ዘንድ ሲወስዱ፣ ከቤት ከመውጣትዎ በፊት ያችን «ብቻ» ብለው የሚያልፏትን የግፊት ክኒን ቦርሳቸው ውስጥ ይክተቱላቸው።